ስድስት ክፍለ ጊዜ ከቃለ መጠይቅ አሠልጣኝ ጋር፦ ታሪኬን አገኘሁበት፣ የሰጡኝን ቁጥር ግን መለስኩ

ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚያዘጋጅ የግል ሥልጠና ወስጄ ከጨረስኩ አራት ወር ሆኖኛል። አስተያየቴን እስካሁን ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። የተማርኩት ነገር እውነተኛ ጠያቂ ፊት ሲፈተን ሳላይ ማመስገንም መውቀስም አልፈለግኩም። አሁን አይቼዋለሁ። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻቸዋለሁ፤ አንዷ የቀረችው በአራተኛው ክፍለ ጊዜ በሆነ ነገር ምክንያት ነው፣ ቦታው ሲደርስ እነግራችኋለሁ። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም። እንዲህ ያለ ሥልጠና የሚሰጡ ብዙዎች ናቸው፣ አሠራራቸውም ይቀራረባል፤ ስለዚህ የምጽፈው የትኛውንም ለመምረጥ ለሚያመነታ ሰው ይሆናል ብዬ ነው።

የምሠራው በመድኃኒት መጋዘን ውስጥ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዕቃ ተረክቤያለሁ፣ ቆጥሬያለሁ፣ ወጪ አድርጌያለሁ፣ የማቀዝቀዣ ክፍሉን የሙቀት መዝገብ ጠዋትና ማታ ሞልቻለሁ። ሥራዬን ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። የመጋዘን ኃላፊነት ቦታ ሲወጣ ሦስት ጊዜ አመለከትኩ፤ ሦስቴም ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ፤ ሦስቴም ሳላልፍ ቀረሁ። ያሰናከለኝ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። «ከባድ ውሳኔ የወሰንክበትን ጊዜ ንገረን።» «ከባልደረባህ ጋር ያልተስማማህበትን ጊዜ ንገረን።» «የተሳሳትክበትን ጊዜ ንገረን።» እኔም፣ «በሥራዬ ጥንቁቅ ነኝ፤ ከመወሰኔ በፊት መረጃ አሰባስባለሁ፤ ከሰው ጋር በመከባበር እሠራለሁ» እል ነበር። ጠያቂዎቹ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋሉ። ብዕራቸው እንዳልተነሳ አያለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አይገባኝም ነበር።

ምክንያቱን የነገሩኝ አሠልጣኜ ናቸው፣ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ፣ ገና አሥር ደቂቃ ሳንሞላ። «የጠየቁዎት ስለ አንድ ቀን ነው፤ እርስዎ የመለሱላቸው ስለ ጠባይዎ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተምሬያለሁ፤ ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

አገልግሎቱ ምን እንደሆነ ባጭሩ ልናገር። ስድስት ክፍለ ጊዜ ነው፣ እያንዳንዱ ሃምሳ ደቂቃ፣ በቪዲዮ ጥሪ። ሁለቱ የሙከራ ቃለ መጠይቆች ናቸው፤ ይቀረጹና ቅጂው ይላክልዎታል። ከየክፍለ ጊዜው በኋላ የጽሑፍ አስተያየት ይመጣል። በተጨማሪ የንግግር ፍጥነትንና «እ…» ማለትን የሚቆጥር ፕሮግራም ይሰጣሉ። እሱን ሁለት ጊዜ ሞክሬ ተውኩት፤ ስንት ጊዜ እንደተደናቀፍኩ ይነግረኛል፣ ያልኩት ነገር ፍሬ ይኑረው አይኑረው ግን አያውቅም።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ትዝታ ፍለጋ ነበር። መልስ ማዘጋጀት የለ፣ አነጋገር ማሳመር የለ። ወረቀት እንዳዘጋጅ ነገሩኝና፣ «በዘጠኙ ዓመት ውስጥ ሳይረሱ የቀሩትን ሃያ ቀናት ይጻፉ» አሉኝ። ታላላቅ ድሎችን አልነበረም የጠየቁኝ፤ ያልተረሱ ቀናትን ነው። ስድስት ጽፌ ደረቅኩ። ያኔ መጠየቅ ጀመሩ። ቤት ሄደው ወደ ሥራ መመለስ ያላሰኘዎት ቀን የትኛው ነው? ለአንድ ሰው ደውለው ይቅርታ የጠየቁበት ቀን አለ? ሌላው «ተወው» ሲል እርስዎ ያልተዉት ነገር ነበር? መጀመሪያ ጊዜ ብቻዎን የቀሩበት ፈረቃ የቱ ነው? እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ቀን እየጎተተ አወጣ። ሃምሳው ደቂቃ ሲያልቅ አሥራ ሰባት ቀን በወረቀቱ ላይ ነበረ። ግማሾቹን ለዓመታት አስቤያቸው አላውቅም።

ይህ ዘዴ ከየት እንደመጣ በኋላ ራሴ አነበብኩ። ጆን ፍላናጋን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአየር ኃይሉ አብራሪዎችን የመምረጥ ጥናት ይመራ ነበር። ስለ ጥሩ አብራሪ ጠባይ አስተያየት ከማሰባሰብ ይልቅ፣ በዓይን የታዩ፣ መጀመሪያና መጨረሻ ያላቸው ድርጊቶችን መሰብሰብ ይሻላል አለ፤ አንድ ሰው በአንድ በረራ ላይ ምን አደረገ፣ ምን ሆነ። አሠራሩን እ.ኤ.አ. በ1954 አሳተመው። ዛሬ «…ጊዜ ንገረን» የሚለው ጥያቄ የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው። ይህን ሳነብ ንዴቴ በረደ። ጠያቂዎቹ እኔን ለማጥመድ ነበር የሚመስለኝ፤ የሚፈልጉት ግን እኔ ራሴ በመጋዘን ውስጥ የምፈልገውን ነው፦ መዝገብ። «ሙቀቱ ደህና ነው» የሚል ሰው አይበቃኝም፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ዲግሪውን አሳየኝ ነው የምለው።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ከአሥራ ሰባቱ አንዱን ወስደን ቆፈርን። መጀመሪያ እንዴት እንደነገርኳቸው ቅጂው አለኝ፣ ቃል በቃል ልጻፈው፦

«አንድ ጊዜ የማቀዝቀዣ ችግር ገጥሞን ነበር። አስፈላጊው እርምጃ ተወሰደ። ከሚመለከታቸው ጋር ተነጋግረን ችግሩ ተፈታ።»

አሠልጣኜ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ስንት ሰዓት ነበር?» አሉኝ። እሑድ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። «ማን ነበረ?» እኔና አንድ የሽያጭ ባልደረባ። «ምን አዩ?» የሙቀት መዝጋቢውን። ኢንሱሊን ሳይከፈት የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ውስጥ ነው፤ መዝጋቢው ግን ሌሊቱን ሙቀቱ ወደ 11 ወጥቶ ሦስት ሰዓት እንደቆየ ያሳያል። የበሩ ጎማ ለቅቆ ነበር። «እርስዎ ሲደርሱ ስንት ነበር?» ስድስት፤ የሌሊት ጠባቂው በሩን ገፍቶ ዘግቶት ስለነበር ወርዷል። «መኪናውስ?» ሁለት ሰዓት ላይ ይመጣል፤ 340 ካርቶን ይጭናል። «ባልደረባዎ ምን አለ?» እዚህ ላይ ቆምኩ። ያን ሰው እወደዋለሁ፣ ስሙን ማጥፋት አልፈለግኩም። አሠልጣኜ ገባቸው። «ስሙን አይንገሩኝ፤ ክፉ ሰው አድርገውም አይሣሉት። ያለውን ብቻ ይንገሩኝ።» ያለው ይህ ነው፦ «አሁን ስድስት ነው የሚለው። እንጫነው፤ ደንበኞቹ እየጠበቁ ነው።»

እዚያ ነው ታሪኩ። ለዓመታት ከዚያ ቀን ጋር ኖሬ፣ የታሪኩ ልብ የት እንዳለ አላየሁም ነበር። ለእኔ ነገሩ ስለ ማቀዝቀዣ ነበር፤ ለሚሰማኝ ሰው ግን ስለ ምርጫ ነው። በቴርሞሜትሩ ላይ ያለው ቁጥር ልክ ነው፣ ሌሊት የሆነውን ማንም አላየም፣ አለቃዬ ስልክ አያነሱም፣ መኪናው እየመጣ ነው። አንድ ሰው ያኔ የሚያደርገው ነገር ከሲቪ ላይ አይነበብም።

ያደረግኩትም እንዲህ ነው። ካርቶኖቹን ወደ ሁለተኛው ማቀዝቀዣ አዛወርኩ፣ «እስኪጣራ አይወጣም» የሚል ወረቀት ለጠፍኩባቸው፣ መኪናውን ኢንሱሊኑን ሳይጭን መለስኩት፣ የመዝጋቢውን ንባብ ከባች ቁጥሮቹ (አብሮ የተመረተውን መድኃኒት ከሚለዩት ቁጥሮች) ጋር አያይዤ ለአምራቹ ጻፍኩ። መልሱ ረቡዕ መጣ። መድኃኒቱ ደህና ነው፣ ማውጣት ትችላላችሁ አሉ። ሁለት ደንበኞች ሦስት ቀን ጠብቀዋል፤ አንደኛው የቅሬታ ደብዳቤ ጽፏል። ከዚያ በኋላ የበር ጎማ ፍተሻ በየሳምንቱ ቅጽ ውስጥ እንዲገባ፣ የሙቀት ማስጠንቀቂያውም በአንድ ሳይሆን በሁለት ሰው ስልክ ላይ እንዲደውል ጠይቄ ተፈቀደልኝ።

ይህ መጨረሻ ያሳፍረኝ ነበር። ጀግንነት የለበትም፤ ባልይዘውም መድኃኒቱ ምንም አይሆንም ነበር። ታሪኩን ለመጣል ፈልጌ ነበር። አሠልጣኜ አልፈቀዱም፣ «እንዳለ ይቆይ» አሉ። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ቋንቋው ላይ የሠራነውን ነገር ለይቼ መናገር እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ሌላ ቦታ ሲባል ሰምቼው አላውቅም። በአማርኛ ባለቤቱ ከግሡ ጭራ ላይ ነው ያለው። «ወሰንኩ» እና «ወሰንን» መካከል ያለችው አንዲት ፊደል ሥራውን የሠራው ማን እንደሆነ ትለውጣለች፤ «ተወሰነ» ስንል ደግሞ ሰውየው ጭራሽ ይጠፋል። የመጀመሪያውን የሙከራ ቃለ መጠይቅ ቅጂ አብረን ስናይ አሠልጣኜ አንድ ወረቀት ላይ ሰረዝ ሰረዝ እያደረጉ ቆጠሩ። በአሥራ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ሃያ ሦስት ጊዜ «አደረግን፣ ተነጋገርን፣ ፈታን» ብያለሁ፤ ዘጠኝ ጊዜ «ተደረገ፣ ተወሰደ»። «አደረግኩ» ያልኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ራሴን ማግነን መስሎኝ ነው የምሸሸው። ጠያቂው ግን የሚቀጥረው «እኛ»ን አይደለም።

ሕጉ ቀላል ነበር፣ አሁንም እጠቀምበታለሁ። ብቻዬን ያደረግኩትን በ«ኩ» እጨርሳለሁ። አብረን ያደረግነውን በ«ን» እጨርስና ወዲያው ከዚያ ውስጥ የእኔ ድርሻ የትኛው እንደሆነ እጨምራለሁ፦ «ቆጠራውን አምስት ሆነን ሠራነው፤ የመደርደሪያ ኮዶቹን ያመሳከርኩት እኔ ነኝ።» ሰው የሠራውን ለራስ መውሰድ ሌብነት ነው፤ የሠሩትን መደበቅም ለሚሰማ ሰው ልክ ያልሆነ መዝገብ መስጠት ነው። ይህን ከተረዳሁ በኋላ «እኔ» ማለት አልከበደኝም።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ስለ ታወቀው ቅርጽ ነበር። በእንግሊዝኛ የአራት ቃላት መነሻ ፊደል ተገጣጥሞ «ስታር» ይባላል፦ ሁኔታ፣ ኃላፊነት፣ ድርጊት፣ ውጤት። ዲዲአይ የሚባለው የአሜሪካ አማካሪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጣው ነው። የት፣ መቼ፤ ከእኔ ምን ይጠበቅ ነበር፤ ምን አደረግኩ፤ ምን መጣ። ለጀማሪ ጥሩ ምርኩዝ ነው፣ እኔንም ደግፎኛል። ነገር ግን ድርጅቱ የሚልከው ቅጽ አራቱን እኩል ሳጥን አድርጎ ያቀርባቸዋል፤ ይህ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። እኩል ሳጥን ያየ ሰው እኩል ይሞላል። እኔ ስለ መጋዘኑ ስፋት፣ ስለ ማቀዝቀዣዎቹ ብዛትና ስለ ፈረቃ አደረጃጀቱ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ተናግሬ፣ ያደረግኩትን በሃያ ሰከንድ ጨረስኩ። ቅጂው ላይ ሰዓቱን ስናይ ነው የታወቀኝ። ቀስ በቀስ ገለበጥነው። ሁኔታው ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ኃላፊነቱ አንድ፣ ከዚያ ረጅሙን ጊዜ ውሳኔውና ድርጊቱ ይወስዱታል፣ ውጤቱ አጭርና ቀጥተኛ ይሆናል። ሁሉም ተደምሮ ሁለት ደቂቃ ገደማ።

የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሬም ተለወጠ። ድሮ፣ «በድርጅታችን ውስጥ የማቀዝቀዣ ሰንሰለት አያያዝ ከፍተኛ ትኩረት የሚሰጠው ነው» ብዬ ነበር የምጀምረው። አሁን፣ «እሑድ ጠዋት ነበር፤ 340 ካርቶን ኢንሱሊን የሚጭን መኪና ሊደርስ አንድ ሰዓት ቀርቶታል» እላለሁ። ልዩነቱን የተማርኩት ከእህቴ ፊት ነው። ሁለቱንም ነገርኳት። የመጀመሪያውን ስትሰማ ስልኳን ታይ ነበር፤ ሁለተኛው ላይ ቀና አለችና፣ «እሺ፣ ከዚያስ?» አለችኝ።

ታሪክ ከጠቅላላ አባባል ይልቅ የሚታወስ ለመሆኑ ማስረጃ ለሚፈልግ አንድ አሮጌ ሙከራ አለ። ጎርደን ባወርና ማይክል ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች አሥር አሥር ቃላት ያሏቸውን አሥራ ሁለት ዝርዝሮች እንዲይዙ አደረጉ። ግማሾቹ ቃላቱን በታሪክ እንዲያያይዙ ተነገራቸው፤ የቀሩት እንደፈለጉ አጠኑ። መጨረሻ ላይ ሁሉንም ሲጠየቁ ባለታሪኮቹ 93 በመቶ አስታወሱ፣ ሌሎቹ 13 በመቶ። ሙከራው ስለ ቃላት ዝርዝር እንጂ ስለ ሥራ ፈላጊ አይደለም። ቢሆንም በአንድ ቀን ውስጥ ስምንት ሰው የሚሰማ ጠያቂ ማታ ላይ ማንን እንደሚያስታውስ ሳስብ ያ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

አሁን ወደ አራተኛው ክፍለ ጊዜ። የእኔ አሠልጣኝ በዚያ ሳምንት ስላልተመቻቸው ሌላ ሰው ተተካ። ሰውየው ትሑትና ንግግር አዋቂ ናቸው። ታሪኬን ሰምተው፣ «ቁጥር ይጎድለዋል። ‹በዚህም ብክነትን በ30 በመቶ ቀነስኩ› ይበሉ» አሉኝ። ብክነቱን አልለካነውም አልኳቸው። «ግድ የለም፣ ማንም አያጣራውም» አሉ። በማግስቱ የተላከልኝ የጽሑፍ አስተያየት ውስጥ የተስተካከለ መልስ ተብሎ የተጻፈው ታሪኬ ነበር፤ መጨረሻው ግን ተለውጦ፣ «በወሰድኩት ፈጣን እርምጃ የበርካታ ሕሙማንን ሕይወት ታደግኩ» ይላል።

አንጀቴ ነው የተቃጠለው። የመድኃኒት መጋዘን ሠራተኛ ነኝ። ያልተለካን ነገር እንደተለካ አድርጎ መጻፍ በእኔ ሥራ ውስጥ ሰው ከሥራ የሚባረርበት ጥፋት ነው። ለመሾም ብዬ የማመለክተው ደግሞ መዝገብ እንዳይዋሽ ኃላፊ የሚሆን ሰው ቦታ ላይ ነው። በዚያ ቦታ ላይ በሐሰት መዝገብ ልግባ? ታሪክ መንገርን የሚያስተምሩ ሰዎች ከሁሉ በፊት ማስተማር ያለባቸው ይህንን ይመስለኛል። ታሪክ የሚያምረው ስለሆነ ነው። ታሪኬ ቁጥር አልጎደለውም ነበር፤ 11 ዲግሪ፣ ሦስት ሰዓት፣ 340 ካርቶን፣ ሦስት ቀን መዘግየት፣ አንድ የቅሬታ ደብዳቤ። ሁሉም በመዝገብ ያለ ነው። የጎደለው የሚያሞካሽ ቁጥር ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ የለም። ጽሑፉን መልሼ ላክሁና እንዲሰረዝ ጠየቅኩ። የእኔ አሠልጣኝ በአምስተኛው ክፍለ ጊዜ ይቅርታ ጠየቁኝ፤ ድርጅቱ ግን በጽሑፍ መልስ አልሰጠኝም።

አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ታሪኮችን ከጥያቄ ጋር ማገናኘት ነበር፤ ከሁለተኛው ቀጥሎ የወደድኩት ይህን ነው። ከአሥራ ሰባቱ ቀናት ስድስቱን መረጥን። አንዱ የኢንሱሊኑ ነው። ሌላው በቆጠራ ላይ 212 ካርቶን ጠፋ ተብሎ ሌብነት ሲጠረጠር፣ ቢ 12 እና ቢ 21 የሚባሉ ሁለት መደርደሪያዎች መለያቸው ተለዋውጦ እንደነበር ያገኘሁበት ነው። ሦስተኛው ጥፋቴ ነው። ገና አዲስ ሳለሁ መድኃኒት የማወጣው በገባበት ቅደም ተከተል ነበር፤ ዘግይቶ የገባ ሆኖ የመጠቀሚያ ጊዜው ግን ቀድሞ የሚያበቃ ባች ከኋላ ተደብቆ ቀረ፣ በቆጠራ ስንደርስበት 46 ፓኬት አንድ ወር ያልሞላ ጊዜ ቀርቷቸው ነበር። «ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ» እና «ቀድሞ የሚያበቃ ቀድሞ ይውጣ» ሁለት የተለያዩ ሕጎች መሆናቸውን በዚያ ቀን በዋጋ ተማርኩ። የቀሩትን ሦስቱን እዚህ አልዘረዝርም።

አንድ ታሪክ በብዙ በር ይገባል። የኢንሱሊኑ ስለ ውሳኔ ሲጠየቅ ከመኪናው ይጀምራል፤ ከባልደረባ ጋር ስላለመስማማት ሲጠየቅ ከ«እንጫነው» ይጀምራል፤ ስለ አሠራር ማሻሻል ሲጠየቅ ከበሩ ጎማ ይጀምራል። ቀኑ ያው ነው፤ የሚዘልቀው ክፍል ይለያያል። ስለዚህ ሃምሳ መልስ በቃል መሸምደድ አላስፈለገኝም። አሠልጣኜ መሸምደድን አጥብቀው ይከለክሉ ነበር። ለየታሪኩ አምስት ቃል ብቻ እንድጽፍ ነው ያዘዙኝ። የኢንሱሊኑ ካርድ ላይ ያለው፣ «እሑድ፣ መኪና፣ 11፣ ወረቀት፣ ረቡዕ» ነው። በዚህ ምክንያት በነገርኩት ቁጥር ትንሽ ይለያያል፣ ሲነገርም የተነበበ አይመስልም።

ሥልጠናው ያልሸፈነው ነገርም አለ። ታሪክ የማያስፈልግበት ጥያቄ ብዙ ነው። በሁለተኛው የሙከራ ቃለ መጠይቅ ላይ፣ «የመጠቀሚያ ጊዜው ያለቀበት መድኃኒት እንዴት ይለያል?» ተብዬ ስጠየቅ፣ የለመድኩትን ይዤ ወደ 46ቱ ፓኬቶች ታሪክ ገባሁ። ጥያቄው ግን አሠራር ነው የሚጠይቀው፤ መልሱም አሠራር ነው፦ ለብቻው ይለያል፣ ምልክት ይደረግበታል፣ ይመዘገባል፣ በደንቡ መሠረት ይወገዳል። ከዚያ በኋላ ጊዜ ካለ አንድ ምሳሌ። «እንዲህ ቢሆን ምን ታደርጋለህ?» የሚለውም ሌላ ነው፤ መጀመሪያ የምወስደውን እርምጃ መናገር ይቀድማል፣ የሆነ ነገር ካለኝ ማስረጃ አድርጌ አስከትለዋለሁ። ይህን ልዩነት ራሴ ነው ከስህተቴ የለየሁት። በስድስት ክፍለ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሊሰጠው ይገባ ነበር። «ስለ ራስህ ንገረን» የሚለውን ግን በደንብ ሠርተነዋል፤ አሁን ከምሠራው ተነስቼ፣ ወደዚህ ያመጣኝን አንድ ሁለት ነገር ጠቅሼ፣ ይህን ቦታ ለምን እንደምፈልግ ተናግሬ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በታች እጨርሳለሁ።

አራተኛው እውነተኛ ቃለ መጠይቅ ሥልጠናው ካለቀ ከአምስት ሳምንት በኋላ ነበር። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዳቸው ፊት የታተመ ቅጽ አለ። ጥያቄዎቹን በተራ ከወረቀት ያነባሉ። ድሮ ቢሆን ይህ ያስፈራኝ ነበር። አሁን ግን ለሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት ጥያቄ ተጠይቆ በነጥብ የሚመዘን ቃለ መጠይቅ ከልቅ ጭውውት የተሻለ ሚዛን መሆኑን አንብቤ ነበር። ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2022 የቀደሙ ጥናቶችን መልሰው ሲያሰሉ፣ እንዲህ ያለው ቃለ መጠይቅ ከኋለኛው የሥራ አፈጻጸም ጋር ያለው ተዛምዶ (0 ማለት ምንም፣ 1 ማለት ፍጹም ተዛምዶ ነው) 0.42 ሆኖ ከመረመሯቸው የመምረጫ ዘዴዎች ሁሉ አንደኛ ወጣ፤ ሥርዓት የሌለው 0.19 ነበር። ስለዚህ ቅጹን ሳይ፣ የምናገረው ነገር የሚጻፍበት ቦታ አለ ብዬ ተጽናናሁ።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ «አለቃህ በሌሉበት ውሳኔ የወሰንክበትን ጊዜ ንገረን» የሚል ነበር። ካርዱ ላይ ያሉት አምስት ቃላት በዓይኔ መጡ። ጀመርኩ። ከመኪናው፣ ከ11 ዲግሪው፣ ከወረቀቱ አልፌ ረቡዕ ላይ ጨረስኩ፤ የቅሬታ ደብዳቤውንም አልደበቅኩም። መሐል ላይ የተቀመጡት ሴትዮ እስከዚያ አንድም ቃል አልተናገሩም። ብዕራቸውን አስቀመጡና፣ «መድኃኒቱ ደህና ከነበረ፣ ታዲያ ደንበኞችን ሦስት ቀን በከንቱ አላስጠበቅክም?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ከማንም ጋር አልተለማመድኩትም። ነገር ግን የሆነ ነገር ስለሆነ መልሱ እዚያው ውስጥ ነበር። «ደህና መሆኑን ያወቅኩት ረቡዕ ነው። እሑድ ጠዋት አላውቅም ነበር። ዛሬም ቢደገም አላወጣውም። የምለውጠው አንድ ነገር አለ፤ ለአምራቹ በጻፍኩበት ሰዓት ለደንበኞቹም መደወል ነበረብኝ። የደወልኩላቸው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው፤ የተቆጡት በመዘግየቱ ሳይሆን ሳይነገራቸው በመቅረቱ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚወጣ ዕቃ ሳግድ መጀመሪያ የምደውለው ለሚጠብቀው ሰው ነው።» ሴትዮዋ ብዕራቸውን አነሱና ረጅም ጻፉ። በሦስቱ ያለፉ ቃለ መጠይቆች አይቼው የማላውቀው ነገር ነው።

«የበርካታ ሕሙማንን ሕይወት ታደግኩ» ብዬ ቢሆን ኖሮ ያ ጥያቄ ሲመጣ ምን እመልስ ነበር? የትኞቹን ሕሙማን? ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ።

ቦታውን አገኘሁ። ሥልጠናው ብቻውን አስገኘው አልልም፤ ዘጠኙ ዓመት አለ፣ ከእኔ በፊት የተጠየቁትን ሰዎችም አላውቃቸውም። ለማን ይሆናል ብትሉኝ፣ ሥራውን እየሠራ ኖሮ ሲጠየቅ አፉ ለሚተሳሰር ሰው ነው የምለው። ልምዱ ላለውና ቃሉ ለጠፋበት። ገና ሥራ ላልጀመረ ሰውም ከትምህርት ቤት ወይም ከበጎ ፈቃድ ሥራ ያልተረሱ ቀናትን ማውጣት ይቻላል፣ አሠልጣኜ እንዲህ ያሉ ተማሪዎችም እንዳሏቸው ነግረውኛል፤ እኔ ግን ያየሁት የራሴን ብቻ ነው። ስድስቱን መውሰድ ለማይችል የመጀመሪያውን፣ ሁለተኛውንና አምስተኛውን መርጦ መውሰድ ይፈቀዳል፤ ዋናው ነገር እነሱ ውስጥ ነው። የተቀረጸው ቅጂ እንዲላክላችሁ አጥብቃችሁ ጠይቁ፤ «ን» እና «ኩ»ን የምትቆጥሩት በእሱ ነው።

ከመመዝገባችሁ በፊትም አሠልጣኙን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ውጤቱን በቁጥር ካላወቅኩት ምን ልበል? «ገምተህ ጨምርበት» የሚል ከሆነ ሌላ ፈልጉ። የእኔዋ አሠልጣኝ የመለሱልኝ፣ «የሚያውቁትን ይበሉ፣ ያልለኩትንም አልለካሁትም ይበሉ» የሚል ነበር። ለድርጅቱ በአራተኛው ክፍለ ጊዜ የሆነውን ዳግመኛ ጽፌላቸዋለሁ። ያን የተስተካከለ መልስ የሚልኩበትን አሠራር መለወጣቸውን ካሳወቁኝ አምስተኛዋን ኮከብ እዚሁ እጨምራለሁ።